የቮልሷ ቤት

እናቴ እስከ ዛሬ የማትተወው አንድ ክስ አላት፤ «መኪናዋ ሲሚንቶ ላይ ስታድር እኔ አፈር ላይ ቁጭ ብዬ እንጀራ እጋግር ነበር» ትላለች። ክሱ እውነት ነው። መካኒሳ ባለው ግቢያችን ውስጥ መጀመሪያ ወለሉ ሊሾ የሆነው፣ መጀመሪያ የራሱ መብራት የገባለት፣ መጀመሪያ የማያፈስ ቆርቆሮ የለበሰው የመኪናዋ ቤት ነው። ማድ ቤቱ የጭቃ ግድግዳውንና ዓይን የሚያቃጥል ጭሱን ይዞ ብዙ ዓመት ተራውን ጠበቀ። አባታችን፣ ጋሼ ነበር የምንለው፣ የሒሳብ ሠራተኛ ስለነበር መልሱም የሒሳብ ነው፤ «ማድ ቤት ወጪ ነው፤ ይኼኛው ወጪ ይቀንሳል» ይላል። እናቴ ይህን መልስ ያኔም አልተቀበለችውም፣ አሁንም አልተቀበለችውም።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1968 የተሠራች 1300 ቮልስ ናት። ጋሼ በ1964 ዓ.ም. ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ አገር መምህር ላይ ገዛት። ለአዲስ አበባ ተብላ የተሠራች ነበር የምትመስለው። ሞተሯ ከኋላ ሆኖ የሚነዱትን ጎማዎች ስለሚጫናቸው፣ በክረምት ጭቃ ሌላው ሲንሸራተት እሷ ቀስ ብላ ትወጣለች። ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው አየር ስለሆነ ራዲያተር የላትም። በእኛ ከተማ ከፍታ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፤ ስለዚህ በየዳገቱ ኮፈኑን ከፍቶ እንፋሎት እስኪበርድ የሚጠብቅ ሹፌር አይጠፋም ነበር። ጋሼ እንዲህ ያለውን ሰው ሲያልፍ ክላክስ ነፍቶ እጁን ያነሣል። እሱ ሰላምታ ነው ይላል፤ እናቴ ጉራ ነው ትላለች።

አብዮቱ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። የውጭ ምንዛሪ ጠበበ፣ መለዋወጫ ጠፋ፣ ጋራዥ ከነበራቸው ጣሊያኖችና አርመኖች ብዙዎቹ አገር ለቀው ወጡ። መኪና ያለው ሰው በቀረው ጋራዥ ፊት ወረፋ ያዘ። አንድ ጊዜ ቮልሷ ለፍሬን ሥራ ገብታ ሳምንታት ከቆየችበት ጋራዥ ስትወጣ አዲሱ ባትሪዋ በአሮጌ ተለውጦ ተገኘ። ጋሼ የባትሪውን ቁጥር ማስታወሻው ላይ ጽፎት ስለነበር ቢከራከር ይረታ ነበር። አልተከራከረም። ቤት ደረሰና ኮቱን ሳያወልቅ ከአጥሩ እስከ ጥዱ ያለውን ቦታ በእርምጃው ይለካ ጀመር። እናቴ ምን እየሠራ እንደሆነ ስትጠይቀው «ከዛሬ ወዲያ ይቺን መኪና ከእኔ በቀር ማንም አይፈታትም» አላት። ያን ጊዜ ጎማ ከመቀየር ያለፈ ሙያ አልነበረውም።

ቤቱ ስድስት ሜትር በሦስት ሜትር ተኩል ሆኖ ተሠራ፤ ግድግዳው ግን ሦስት ብቻ ነው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ፣ ቁጥር 47፣ የአንድን ቤተሰብ የመኖሪያ ቦታ በ500 ካሬ ሜትር ወስኖ ትርፍ ቤትን ወደ መንግሥት አዙሮ ነበር። በዚያ ዘመን ሰው በርና መስኮት ያለው ነገር ግቢው ውስጥ ለመጨመር ይፈራል። ስለዚህ በአራተኛው ወገን በር በመግጠም ፋንታ የጭነት መኪና ሸራ ተሰቀለ። ፍርሃቱ ካለፈ በኋላም ጋሼ በር አልገጠመለትም፤ ያኛው ሌላ ምክንያት ነበረው፣ እመጣበታለሁ።

ዓምዶቹ የባሕር ዛፍ ግንድ ነበሩ። መሬት የሚገባው ጫፋቸው ምስጥ እንዳይበላው አስቀድሞ በተቃጠለ የሞተር ዘይት ተነክሮ ሰነበተ። ዘይቱን ያመጣልን የቀኝ ጎረቤታችን ነው፤ ዕድሜውን በጦር ሠራዊት የተሽከርካሪ ጥገና ጨርሶ በጡረታ የወጣ ሃምሳ አለቃ ነበር፤ ሰፈሩ በሙሉ «ሃምሳ አለቃው» ይለዋል እንጂ በስሙ የሚጠራው አልነበረም። ገና የመጀመሪያው ዓምድ ሳይቆም መጥቶ አጥሩን ተደግፎ አየና «ጎረቤት፣ በየት በኩል ነው የምትገባው?» አለ።

«በአፍንጫዋ ነዋ» አለ ጋሼ።

«ታዲያ ብርሃኑን ከኋላዋ ያድርጉላት። የዚች ሆዷ ከኋላ ነው።»

በዚህ ምክር የተነሣ ሸራው ያለበት ክፍት ወገን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጠዋት ፀሐይ ዞረ። ቮልሷ በግንባሯ ትገባና ሞተሯን ለብርሃን ትሰጣለች። የሌላ ሰው መኪና ለመሥራት ሲመጣ ግን በኋላ ማርሽ መግባት ነበረበት፤ ይህም እንደ ደንብ ሆኖ ቀረ።

ጉድጓዱም የሃምሳ አለቃው ሐሳብ ነው። «ጉድጓድ የሌለው ጋራዥ ወገብ ይፈጃል» አለ። ጋሼ እንደ ልማዱ ከመዶማው በፊት ወረቀት አወጣ። በቮልስ የግራና የቀኝ ጎማ መካከል 1.30 ሜትር ያህል አለ፤ ጎማ ጠርዙን ረግጦ እንዳይንደው የጉድጓዱ ወርድ 75 ሳንቲሜትር ይሁን ተባለ። ጥልቀቱን ለመወሰን ጋሼ ጫማውን አውልቆ ግድግዳ ላይ ቁመቱን አስለካ፤ ጎንበስ ሳይል፣ እጁንም ሽቅብ ሳይዘረጋ ሞተሩ ሥር ለመድረስ 1.55 ሜትር በቃው። ርዝመቱ ሁለት ሜትር ተኩል፣ መውረጃው ሦስት ደረጃ። ሲሚንቶ እንደ ልብ የማይገኝበት ጊዜ ነው፤ የሙገር ፋብሪካ ገና ሥራ አልጀመረም። ግንበኛው ጥቁር ድንጋዩን በስስ ልቅቅ ካበው፤ መስከረም ላይ ተጀምሮ ለገና አለቀ።

የመካኒሳን አፈር ግን ማንም አልጠየቀውም። ጥቁር አፈር ነው። በበጋ ውሃውን ሲያጣ ይሰነጠቅና ስንጥቁ እጅ ያስገባል፤ በክረምት ውሃ ሲጠጣ ደግሞ ያብጣል፣ ሲያብጥ ፊት ለፊቱ ያገኘውን ይገፋል። የቤት ግድግዳ የሚሰነጥቀው፣ የአስፋልት መንገድ የሚያስነሣው እሱ ነው። የመጀመሪያው ክረምት ነሐሴ ላይ ሲደርስ የጉድጓዱ የግራ ግድግዳ ወደ ውስጥ ሆዱን ነፋ፤ ውሃው ደግሞ እስከ ጉልበት ሞላ። እኛ ልጆቹ በጣም ደስ አለን፤ እንቁራሪት መጥቶልናል። ጋሼ በባልዲ እየቀዳ ሲደፋ በማግሥቱ ተመልሶ ሲሞላ ሲያይ፣ ውሃውን ትቶ አፈሩን ማጥናት ያዘ።

ማስተካከያው ከቁፋሮው የበለጠ ወጪ ጠየቀ። በጥቅምት ግድግዳው ፈረሰ፤ ከኋላው ያለው ጥቁር አፈር ሁለት ክንድ ያህል ተቆፍሮ ወጣና ቦታው በገረጋንቲ ተሞላ። ገረጋንቲ ውሃ ያሳልፋል እንጂ ውሃ ጠጥቶ አያብጥም፤ ከበስተጀርባው ያለው ጥቁር አፈር ሲያብጥም ግፊቱን እሱ ይቀበላል። ከጉድጓዱ ወለል ጥግ ደግሞ ቱቦ ተቀብሮ፣ ግቢያችን ወደ ወንዙ ስለሚያዘቀዝቅ፣ ውሃው በራሱ ወደ ታችኛው ቦይ እንዲወርድ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ጉድጓዱ ረግረግ ሆኖ አያውቅም። በሰፈሩ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ ጋሼን ስለ መሠረት የሚያማክረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ስለ መኪና ገና ማንም አይጠይቀውም ነበር።

ስለ በሩ አሁን ልናገር። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። ካርቡራተር ሲፈታ፣ የቤንዚን ጎማ ሲነቀል የሚወጣው ትነት ሽቅብ ሄዶ አይበተንም፤ እንደ ውሃ ወደ ጉድጓዱ ወርዶ ይተኛል፣ አይታይምም። አንድ ፍንጣሪ ብቻ ይበቃዋል። ሃምሳ አለቃው በሠራዊት ጋራዥ ምን እንዳየ ዘርዝሮ ነግሮን አያውቅም፤ ነገር ግን ጉድጓድ ከመውረዱ በፊት ትልቅ ካርቶን አንሥቶ እንደ እሳት ማራገቢያ ለጥቂት ደቂቃ ያራግባል፤ ሲጋራውን ከግቢው በር ውጭ ድንጋይ ላይ ሳያስቀምጥ አይገባም፤ ኩራዝ ይዞ የሚመጣ ሰው ካየ የወታደር ቁጣው ይነሣል። ሸራው ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ዓመቱን ሙሉ ነፋስ ያስገባ የነበረው ለዚህ ነው። የእጅ መብራቱም በ12 ቮልት ከአሮጌ ባትሪ ነበር የሚበራው። 220 ቮልት ይዞ እርጥብ ጉድጓድ መውረድ ራስን ማጥፋት ነው ብሎ ጋሼ አምኗል፤ ልክም ነበር። አዲሱን ባትሪ ወስዶ አሮጌውን የተወልን ጋራዥ ሳያውቅ የዋለልን ውለታ ይህ ብቻ ነው።

ቤቱ ሲያልቅ ባዶ ነበር። አንድ ክሪክ፣ ከመኪናዋ ጋር የመጣ ካቻቢቴና ፒንሳ፣ የጎማ ቁልፍ፤ በቃ። ጋሼ ግን ባዶነቱን አልፈራውም፤ ሥራ ሳይጠይቀው ዕቃ አይገዛም። ይህንን ሥርዓት ያጸናበት ደብተር ዛሬ እኔ ጋ ነው። ጠንካራ ሽፋን ያለው የሒሳብ መዝገብ ሲሆን አራት ዓምድ አለው፤ ቀን፣ ዕቃ፣ ዋጋ፣ ምክንያት። አራተኛውን ዓምድ ብቻ ተከትሎ ላነበበው የመኪናዋ የሕክምና ካርድ ነው። «ቫልቭ ተንጫጫ»፣ «ካንዴላ ጠቆረ»፣ «የኋላ ፍሬን»፣ «ፍሪሲዮን ሸተተ»። ከእያንዳንዱ ሕመም ፊት አንድ ዕቃ ተገዝቷል።

መጀመሪያ የተገዙት ቁልፎች ናቸው። የጀርመን መኪና ስለሆነች ብዙው ብሎኗ 13 ቁጥር ነው፤ ያኔ እየበዙ ከነበሩት የጃፓን መኪኖች የተረፈ ባለ 12ና ባለ 14 ቁልፍ ግን በየሱቁ ሞልቷል። ባለ 13 ሲገኝ ጋሼ ሁለት ይገዛል፤ አንዱ መያዣ፣ አንዱ መፍቻ። «ቫልቭ ተንጫጫ» ከሚለው አጠገብ የተመዘገበው ስስ የብረት ቅጠሎች የተደረደሩበት የክፍተት መለኪያ ነው። የመኪናዋ መጽሐፍ ለቫልቩ የሚሰጠው ክፍተት 0.10 ሚሊሜትር ነው፣ የአንድ ደብተር ቅጠል ውፍረት። ልኬቱ የሚወሰደው ሞተሩ ፈጽሞ ሲበርድ ስለሆነ ቅዳሜ ከንጋት በፊት ይነሣል፤ ቮልሷ ተነሥታ ከሞቀች ቀኑ አለቀ ማለት ነው። ሃምሳ አለቃው ሁልጊዜ «ሦስተኛዋን ይዩ» ይላል። በዚያ ዘመን ቮልስ ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር የሚሄደውን አየር ስለሚጋርድ እሱ ከሌሎቹ ይልቅ ይግላል፤ ቫልቭ የሚያቃጥለውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

«ካንዴላ ጠቆረ» የከተማዋ ጥፋት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል። ካርቡራተሩ ለቆላ አየር የተመጠነ ቤንዚን ሲያፈስ አየሩ አይበቃውም፣ ያልነደደው ጥላሸት ሆኖ ካንዴላ ላይ ይቀመጣል። መድኃኒቱ ቤንዚን የሚያልፍበትን የነሐስ ቀዳዳ በአነስተኛ መለወጥ ነው። ጋሼ ቀዳዳው ላይ የተጻፈው ቁጥር በመቶኛ ሚሊሜትር እንደሆነ ሲገባው ደስታውን ለእናቴ ሊያካፍል ማድ ቤት ድረስ ሄደ። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። «ታዲያ ቤንዚን ይቀንሳል?» አለችው። «ይቀንሳል» አላት። ከመኪናዋ ጋር ከተያያዘ ወሬ ሁሉ ለጥቂት ጊዜ የታረቁበት ይህ ነው።

በመዝገቡ ውስጥ በጣም የምወደው ግን ባለ 36ቱ ቁልፍ ነው። የቮልስ የኋላ ፍሬን ለመሥራት ታምቡሩ መውጣት አለበት፤ ታምቡሩን የያዘው ዳዶ 36 ሚሊሜትር ሲሆን መጽሐፉ ሲታሰር በ30 ኪሎግራም ሜትር ይጥበቅ ይላል። የዚህ መጠን ቁልፍ ሱቅ ውስጥ አልተገኘም። መርካቶ ምናለሽ ተራ ያለ አንጥረኛ ከጭነት መኪና ባሌስትራ ቆርጦ፣ አግሎ ቀጥቅጦ ሠራለት፤ ብረቱ ጥሩ ስለሆነ እስከ ዛሬ አፉ አልሰፋም። ጥብቀቱን የሚለካ መሣሪያ ግን ያኔ በሰፈራችን ቀርቶ በወዳጆቻችንም ዘንድ የለም። ጋሼ ተቀምጦ አሰበና አጎቴን ወፍጮ ቤት ወሰደው፤ የእህል ሚዛን ላይ አቆመው። 64 ኪሎ። 30 ለ64 ሲካፈል 0.47 ሜትር ይሆናል። የውሃ ቱቦ ቁራጭ ከቁልፉ እጀታ ጋር ተገጠመና ከዳዶው 47 ሳንቲሜትር ላይ ቀይ ቀለም ተቀባ። አጎቴ ቀለሙ ላይ ቆሞ፣ ቱቦው አግድም ሆኖ፣ ዳዶው መዞር ሲያቆም ልኩ ያ ነው። አጎቴ ካገባ በኋላ ወፍሮ 70 ኪሎ ሲገባ ምልክቱ ወደ 43 ሳንቲሜትር ወረደ፤ መዝገቡ ላይ በቀይ ተጽፏል፣ «ተሻሽሏል፤ ምክንያት፦ ጋብቻ»። ከብዙ ዓመት በኋላ እውነተኛ መለኪያ ተውሼ ሞክሬው ነበር፤ ልዩነቱ የሚያስነቅፍ አልነበረም።

ሞርሳው ጋራዡን ዘግቶ ከሚሄድ ጣሊያናዊ ተገዛ፤ ክብደቱን ለመሸከም ሁለት ሰው አስፈልጎ ነበር። ባንኮው የአሮጌ የግቢ በር ነው፤ ጋሼ እግር አቆመለት። ዕቃ መስቀያው ግድግዳ ላይ የየዕቃው ቅርጽ በጥቁር ቀለም ተሥሎ፣ የጎደለው ከሩቅ ይታያል።

ቅዳሜ ከሰዓት መርካቶ ነው፤ ወይ ሶማሌ ተራ፣ ወይ ምናለሽ ተራ። እኔ ከረጢት ያዥ ነበርኩ። ሶማሌ ተራ ላይ ከጣሪያ እስከ ወለል የተሰቀለ በር፣ መብራት፣ መሪ፣ ማርሚታ አለ፤ ሌሊት የተነቀለብህን ስፖኪዮ ጠዋት ሄደህ ከዚያው ትገዛለህ የሚለው የከተማው ቀልድ ያኔም ነበረ። ነጋዴው «ኦርጅናል ነው» ሲል ጋሼ መልስ አይሰጥም፤ ከኪሱ ካሊፐር አውጥቶ ይለካል። አንዳንዱ ይቆጣል፣ አንዳንዱ ይስቃል፤ በኋላ ግን «መሐንዲሱ መጣ» እያሉ ጥሩ ጥሩውን ከጀርባ ማውጣት ጀመሩ። ምናለሽ ተራ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ የተጣለ ነገር የለም፤ በርሜል ምድጃ ይሆናል፣ ባሌስትራ መጥረቢያ ይሆናል፣ የተቆረጠ ብሎን በኪሎ ተመዝኖ ይሸጣል። ጋሼ ከሁለቱ ምናለሽ ተራን ያከብራል፤ ሶማሌ ተራ ያለውን ይሸጥልሃል፣ ምናለሽ ተራ የሌለውን ይሠራልሃል ይል ነበር።

ከአብዮቱ በኋላ በመጣው የሰዓት እላፊ ዘመን ምሽት ረጅም ነው። ድምፅ ያለው ሥራ በሌሊት አይሠራም፤ መዶሻ ሲመታ የሰማ ጠባቂ ምን እንደሚያስብ አይታወቅም። ስለዚህ ጋሼ ድምፅ የሌለውን ሥራ ለምሽት ያቆያል፤ ካርቡራተር ማጠብ፣ ቫልቭ በእጅ እያሹ ማስተካከል፣ ብሎን በየቁጥሩ መለየት። ብሎኑ የሚለየው በእናቴ የቡና ሲኒዎች ነበር። ሲኒዎቹ ተመልሰው አይመጡም፤ ረከቦቱ እየሳሳ ሄደ። እናቴ አንድ ቀን ምንም ሳትናገር ወደ ጋራዡ ገባችና ሁሉንም ሲኒ ባንኮው ላይ ገልብጣ ይዛ ሄደች። ባለ 6፣ ባለ 8፣ ባለ 10፣ ሁሉም አንድ ክምር ሆነ። በማግሥቱ ጋሼ ከምናለሽ ተራ ደርዘን ጣሳ ገዝቶ መጣ። የመዝገቡ ምክንያት ዓምድ ላይ «ሰላም» ይላል።

የደብተሩ የኋላ ገጾች ለተዋሾች ናቸው። ዕቃ የሚዋስ ሰው ይፈርማል፤ ወዳጅ ቢሆንም፣ ዘመድ ቢሆንም። ይህ ብዙ ሰው አስቀይሟል። «ለአንድ ካቻቢቴ ፊርማ?» ብሎ ያኮረፈ ጎረቤት ነበር። ያልተመለሰ ዕቃ ከሥሩ በቀይ ይሰመራል እንጂ ጋሼ ሄዶ አይጠይቅም፤ ፋሲካ ሲደርስ ግን መዝገቡን ይዞ ለእንኳን አደረሳችሁ ይዞራል። ዕቃው ራሱ ይወጣል።

ፍሪሲዮኑ ሲያልቅ ሞተሩ መውረድ ነበረበት። የቮልስ ሞተር ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የታሰረው በአራት ብሎን ብቻ ነው፤ ክብደቱ መቶ ኪሎ ገደማ ነው። የሚወጣው ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች ስለሆነ የጣሪያ ማንጠልጠያ አያስፈልገውም። መኪናዋ ከጉድጓዱ ርቃ ደረቅ ወለል ላይ ቆመች። ክሪኩ ላይ ጣውላ፣ ጣውላው ላይ ሞተሩ አረፈ፤ ሃምሳ አለቃው አራተኛውን ብሎን ሲፈታ ሁላችንም ዝም አልን። ሞተሩ ቀስ ብሎ ወረደና የተጣለ ጎማ ላይ ተቀመጠ፤ ጎማ ለሞተር ጥሩ ወንበር ነው፣ አይንከባለልም፣ ዘይት ቋቱንም አይጎዳም። ከዚያ አጎቴና ሦስት ጎረቤቶች የመኪናዋን ጭራ በእጃቸው አንሥተው ወደ ፊት ገፏት። ሞተር የሌላት ቮልስ ከኋላ ቀላል ናት። ጋሼ በዚያ ሁሉ መካከል እየዞረ የባሕር ዛፍ ጉማጅ ከሥሯ ያስገባ ነበር። ክሪክ ያንሣል እንጂ አይዝም የሚለው ሕጉ በእኛ ቤት ከጸሎት ቀጥሎ የሚመጣ ነበር። ማታ እናቴ ለሁሉም ዶሮ ወጥ ሠራች። ያን ዕለት ወደ ጋራዡ ገብታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞተሩን ዞር ዞር ብላ አየችውና «ይኼ ነው እንዴ ያን ሁሉ ብር የበላው?» አለች።

ከግንቦት 1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ መኪና በየዓይነቱ ገባ፤ ሶማሌ ተራ በቶዮታ ዕቃ ተጥለቀለቀ፤ ባለ 12ና ባለ 14 ቁልፍ ነገሠ። ማድ ቤቱም በመጨረሻ ተሠራ፣ በብሎኬት፣ ከነጭስ መውጫው። ሃምሳ አለቃው ቀድሞ ሄደ። ጋሼ ዓይኑ ሲደክም ቫልቭ መለካቱን ለእኔ ለቀቀ፤ እሱ ወንበር ላይ ሆኖ በጆሮው ብቻ ይፈርዳል። መዝገቡ ላይ የመጨረሻው ዕቃ መነጽር ነው፤ ምክንያቱ «ቁጥር አይታይም» ይላል።

እሱ ካረፈ በኋላ ቤተሰቡ ተስማምቶ ጋራዡን ለኪራይ አደረገው። አዲስ አበባ ውስጥ ጣሪያ ያለው ባዶ ቦታ ሳይከራይ አይቀመጥም። ጉድጓዱ በገረጋንቲ ተሞልቶ ሲሚንቶ ፈሰሰበት፤ ያ ሁሉ ዘመን ክፍት የኖረው አራተኛው ወገን በብሎኬት ተዘግቶ የላሜራ በር ገባለት። ኪራዩ የእናቴን መድኃኒት ይገዛል። ጋሼ ቢሰማ የሚቃወም አይመስለኝም፤ ቤቱ በስተመጨረሻ ገቢ ሆነ።

በዚህ ወሬ እጦትን ማሞገሴ እንዳይመስል። መለዋወጫ በገበያ ቢኖር፣ የሚታመን ጋራዥ ቢገኝ ጋሼ ቅዳሜውን ሌላ ነገር ያደርግበት ነበር፤ እናቴም ከጭሱ ዐሥር ዓመት ቀድማ ትገላገል ነበር። የእናቴን ክስ እኔ እፈርድላታለሁ። ነገር ግን ዛሬ ብዙ ሰው ሲሠራ የማየውን፣ ገና መኪናው ሳይታመም ሁለት መቶ ዓይነት ዕቃ የያዘ የሚያብረቀርቅ ሣጥን መግዛቱን፣ ጋሼ ቢያይ ይስቅ ነበር። ከሣጥኑ ውስጥ የሚነካው አሥሩ ነው። መኪናውም ራሱ እየተለወጠ ነው፤ በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ መኪና በቀር ወደ አገር እንዳይገባ ወሰነ፤ የወንድሜ ልጅ ያላት መኪና ቫልቭም ካንዴላም የላትም፤ በውስጧ ያለው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ግን በካርቶን አራግበው የሚያስወጡት ዓይነት አይደለም። የእሷ ዘመን የቤት ጋራዥ ሌላ ዕቃ፣ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የደብተሩን አሠራር ግን ወስዳዋለች፤ አራት ዓምድ አስምራ ጀምራለች።

ቮልሷ እኅቴ ግቢ በሸራ ሥር ናት፤ ትነሣለች። እኔ የምኖረው ኮንዶሚኒየም ስለሆነ ዕቃዎቹን አልጋ ሥር ነው የማኖራቸው፤ ባለ 36ቱ ቁልፍ ከነቱቦው ለብቻው በር ጀርባ ቆሟል።

የአባቶቻችሁ ዕቃ በጆንያ ታስሮ የተቀመጠባችሁ ካላችሁ፣ «ቆራሌው!» የሚለው ድምፅ በር ላይ ሲሰማ በኪሎ ከመሸጣችሁ በፊት አንድ ጊዜ ፍቱትና እዩት፤ ዛሬ ያ ብረት አይገኝም። ግቢ ያላችሁና ጉድጓድ ለማስቆፈር የምታስቡ፣ አፈራችሁ ጥቁር ከሆነ ከግድግዳው ጀርባ ገረጋንቲ ሳትሞሉና ውሃ መውጫ ሳታበጁ አትጀምሩ፤ በርም አትዝጉበት። ክሪክ ብቻ ባነሣው መኪና ሥር ደግሞ፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን፣ ማንም ሰው አይግባ።